ለመቻል ብዬ የገዛሁት የገንዳ ውሃ መመርመሪያ ወረቀት

ሳህኑ ሙሉ ንጹህ ውሃ እያለለት ውሻዬ መቻል የሚጠጣው ከመዋኛ ገንዳው ነው። ሁለት የፊት እግሮቹን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያስገባና በምላሱ ጨለፍ ጨለፍ ያደርጋል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ደግሞ ይጎነበሳል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፣ ከደሴ በስልክ። ስለ ገንዳው ሳማክራት «እኛ ሰፈር ውሻው ሁሉ ከቦይ እየጠጣ ያረጃል፤ አንተ በዋና ውሃ ትጨነቃለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም እስከ 2024ቱ ሰመር ድረስ ነገሬም አላልኩት።

የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ቤቱን ስንከራይ እኔ፣ የታክሲ ሰው ስለሆንኩ፣ ዓይኔ የነበረው ጋራዡ ላይ ነው፤ ገንዳው አብሮ መጣ። የሚያጸዳው ሰው በየሐሙሱ ይመጣል፣ ሂሳቡ ኪራዩ ውስጥ ስላለ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም። ታዲያ በልጄ ልደት አሥራ ምናምን ልጆች ሲንቦጫረቁ ዋሉና ውሃው ደፈረሰ። በማግስቱ ድርጅቱ ጋ ተደወለ። ማታ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ አንድ ሰው መጥቶ፣ እዚህ ሾክ የሚሉትን ኃይለኛ የክሎሪን ዱቄት በትኖ ሄደ። ወረቀት አልለጠፈ፣ በር አላንኳኳ።

ሊነጋጋ ሲል ስገባ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቢጫ አረፋ አገኘሁ። መቻል ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ አፉን ምንጣፉ ላይ ያሻል። ጓሮው ልብስ ሲነከር እንደሚሸተው በረኪና በረኪና ይላል።

የእንስሳት ሐኪሟ በስልክ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ውሃውን ነው የጠጣው ወይስ ክኒኑን ነክሷል?» ብላ ነው። ክኒኑ ተንሳፋፊው ዕቃ ውስጥ የሚቀመጠው ነጭ የክሎሪን ክብ ነው፤ የስኒ ማስቀመጫ ያክላል። እሱን የነከሰ ውሻ አፉም ጉሮሮውም ይቃጠላል። ሄጄ አየሁ፣ ቦታው አለ። እንግዲያው አፉን በንጹህ ውሃ እጠብለት፣ የሚጠጣውን ጥቂት ጥቂት ስጠው፣ አስታውክ ብለህ አታስገድደው፤ የሚያቃጥል ነገር ሲመለስም ያቃጥላል፤ አተነፋፈሱን እያየህ አምጣው አለችኝ። ወሰድኩት። ከሰዓት በኋላ ጅራቱን እየቆላ ሶፋው ላይ ወጣ፣ እኔ ግን የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከእሷ የገባኝ ይህ ነው። ደህና የተያዘ ገንዳ ክሎሪኑ ከ1 እስከ 3 ፒፒኤም አካባቢ ነው፤ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ማለት ነው። ለቧንቧ ውሃ ራሱ የአሜሪካ ሕግ እስከ 4 ይፈቅዳል። አገር ቤት ውሃ አጋር ጠብ እያደረግን የምንጠጣው ያው ክሎሪን አይደል? ስለዚህ ጤነኛ ትልቅ ውሻ አንድ ሁለቴ ቢልስ ምንም አይሆንም። ሾክ በተደረገ ሌሊት ግን ቁጥሩ 10ን አልፎ ይሄዳል፤ ሆድና ጉሮሮ የሚያስቆጣው ያኔ ነው፣ ቡችላና ትንንሽ ውሻ ላይ ደግሞ ይብሳል። ታዲያ ዛሬ ስንት እንደሆነ በምን ልወቅ? ወረቀቱን የገዛሁት ለዚህ ነው።

50 ፍሬ በአንዲት ጠርሙስ፣ 12 ዶላር ከምናምን። ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ናት፤ ጫፏ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ተለጥፈዋል፣ ክሎሪን፣ ፒኤች (የውሃው አሲድነት)፣ አልካሊኒቲ (አሲድ የመቋቋም አቅሙ) እያለ ይቀጥላል። ነክሮ ማውጣት፣ ሳያራግፉ 15 መቁጠር፣ ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ካለው የቀለም ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት። የክሎሪኗ ካሬ ከነጭ ተነስታ ወደ ወይን ጠጅ ትሄዳለች፤ ይቺን ማንም ያነባል። የፒኤቹ ብርቱካንማና ቀይ ግን ለእኔ አንድ ናቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀለም አልለይም፣ ቲማቲም መብሰሉን የማውቀው ጨብጬ ነው። ስለዚህ አንባቢዋ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት። ማታ በቢጫ አምፖል ሥር ግን እሷም ትሳሳታለች፣ በቀን ብርሃን ይሁን።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ሁለት ጊዜ ስላናደደኝ ነው። መጀመሪያ በእርጥብ እጄ ጠርሙሱ ውስጥ ገባሁና የቀሩት ሃያ ያህል ፍሬዎች ተበላሹ፤ ሳይነከሩ ቀለም አወጡ። ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል። ሁለተኛው ይከፋል። ሾክ በተደረገ ማግስት ነክሬ ካሬዋ ነጭ ሆና ወጣች። «ክሎሪን የለም» ብዬ በሩን ልከፍት ስል ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ለካ ክሎሪኑ ከመጠን ሲያልፍ ቀለሟን ራሷን ያነጣታል! ከዚያ ወዲህ ከጠረጠርኩ አንድ ስኒ የገንዳ ውሃ ከአራት ስኒ የታሸገ ውሃ ጋር እቀላቅልና የወጣውን በ5 አባዛለሁ። ያን ቀን 3 አለኝ፣ 15 ማለት ነው። ሁለት ቀን ተኩል በሩ ተዘጋ።

ወረቀቱ የማይነግራችሁም አለ። ጀርም አያውቅም፣ ለአልጌ (ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው በቃይ) የሚጨመረውን መዳብ አያውቅም፣ ጨው አያውቅም። ጎረቤቴ ያለው የጨው ገንዳ ነውና «የእኔ ኬሚካል የለውም» ይላል። ማሽኑ ክሎሪኑን ከዚያው ከጨው ነው የሚሠራው። ጨውነቱ 3,000 ፒፒኤም ገደማ ስለሆነ የባሕርን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፣ ግን በሙቀት የጠማው ውሻ እየደጋገመ ቢጠጣው ሆዱን ያስቀምጠዋል፣ ልብ ወይም ኩላሊት ለሚያመው ውሻ ደግሞ ጨው ጠላቱ ነው። አረንጓዴ የሆነ ገንዳ ከሆነ መለካቱም አያስፈልግም፤ ውሻውን አርቁ።

ድርጅቱን ለምኜ ነበር፣ ሾክ ስታደርጉ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፉ ብዬ። ሁለቴ ለጠፉ፣ ሦስተኛውን ረሱ። ከዚያ ወዲህ አልነዘነዝኩም፣ እነክራለሁ።

መቻል ለምን ሳህኑን እንደሚንቅ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጁላይ 7 ቀን 2024፣ ቬጋስ በታሪኳ አይታው የማታውቀውን 120 ፋራናይት ባስመዘገበችበት ቀን፣ ሳህኑን ላነሳ እጄን ብሰድድ አቃጠለኝ። ብረት ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል፣ ውሃው ሻይ ሊጣድበት ምንም አልቀረውም። ስምንት ዶላር አውጥቼ ትልቅ የሸክላ ሳህን ገዛሁና ከዛፉ ሥር፣ ገንዳው አጠገብ አኖርኩለት። አሁን ከአሥሩ ሰባቱን ከሸክላው ይጠጣል።

ሦስቱን አሁንም ከገንዳው ነው። ልጄ ጠዋት ጠዋት ትነክርና ማቀዝቀዣው በር ላይ ትጽፋለች። የዛሬው «2። መቻል ይግባ» ይላል።