ላንድሮቨሬን የማልሸጠው በአንድ ቀጭን ዘንግ ምክንያት ነው

ስለዚህች መኪና የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ወሬውን ዞሬ ዞሬ ነዳጅ ዘንጓ ላይ፣ ማለትም የነዳጅ ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር በምታገናኘው ቀጭን ብረት ላይ ነው የማሳርፈው። ሌላው ያው የአሮጌ መኪና ነገር ነው፤ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ሲሪስ 3 ላንድሮቨር ናት፣ ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን። ሞዴሉ የተሠራው በፈረንጆቹ ከ1971 እስከ 1985 ነው። የመጨረሻዋ እንኳ ዛሬ ጎልማሳ ናት ማለት ነው።

ከገዛኋት ከወራት በኋላ ከጣርማ በር ወደ መዘዞ ስንሄድ ፔዳሉ ድንገት ላላ። ብረግጠው ባዶ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ ይንደቀደቃል እንጂ አይሰማኝም። አጎቴ ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ፣ "አንተ ልጅ፣ በበቅሎ ብንመጣ ይሄኔ መዘዞ ቡና እየጠጣን ነበር" አለኝ።

ኮፈኑን ስከፍት ችግሩ በዓይን ይታያል። ይህን ነው የምወድላት። ፔዳሉ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን አግዳሚ ዘንግ ያዞራል፣ ከዚያ ቀጭን ዘንግ ካርቡራተሩን፣ ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ክፍል፣ ይስባል። ጫፎቹ ላይ ኳስ መሰል መጋጠሚያ አለ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት መጋጠሚያውን ዘይት አላስነካውም፣ በሽቦ ጠምጥሞታል። የደረቀ መጋጠሚያ አይዞርም። እሱ ሳይዞር ሲቀር ዘንጉ ይታጠፋል። መታጠፉ ሲደጋገም ደግሞ የብሎን ጥርስ የወጣበት ቀጭኑ ቦታ ላይ ይበጠሳል። የእኔም እዚያው ነው የተበጠሰው።

የሚኒሞውን ብሎን በካቻቢቴ ከፍ አደረግኩ። ከባዱን ማርሽ የሚያስገባውን ቀዩን ማንሻ ወደ ኋላ ስቤ ያለ ነዳጅ ፔዳል እየዳኸን ደብረ ሲና ገባን። አዎ፣ ያለ ፔዳል! ካርቡራተሩን በሽቦ ከፍቶ ማሰር ግን አይሞከርም፤ በተለይ በዚያ ቁልቁለት። ዘንጉ ሲበጠስ መላሹ ሞላ ነዳጁን ይዘጋዋል፣ መኪናዋም ትዝላለች እንጂ አታብድም። ነዳጁ ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩን ማጥፋት ነው፤ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን ሳይነቅሉ።

ደብረ ሲና ላይ አንዱ በያጅ "አሁኑኑ ልበይደው" አለ። የቶርኖ ባለሙያው ግን እምቢ አለ። ብየዳ አጠገቡን ያደርቀዋል፣ ነገ ከጎኑ ይሰበራል ነው ያለው። ውፍረቱ እኩል የሆነ አዲስ ዘንግ ቆርጦ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ በዳዶ ቆለፈው። ከባዱ ሥራ ርዝመቱን ማስተካከል ነበር። ፔዳሉ ወለል ሲነካ ካርቡራተሩ ያኔ ሙሉ መከፈት አለበት። ቀድሞ ከተከፈተ እግር ዘንጉን ይጎትተዋል፣ ከዘገየ ደግሞ ጉልበት ይቀራል። ሲለቀቅም ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት። ያልጠበቅኩት ነገር፣ ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ ስገዛት ከነበረው ይልቅ ለሰለሰ። ክረምቱን የመንዝ ጭቃ ላይ ጎማው ሳይሽከረከር ቀስ አድርጌ ነዳጅ መስጠት ቻልኩ።

አዲስ አበባ ያሉ ሻጮች "የዛሬ መኪና እኮ ፔዳሉም በኤሌክትሪክ ነው" ይሉኛል። እሺ፣ ወንድሜ። መዘዞ ላይ ሴንሰሩ ሲሞት ማን ይደርስልኛል? በምን ኮምፒውተር? "መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል" ትለኛለህ፣ አውቃለሁ። እስኪመጣ አጎቴን የት ላሳድረው?

ነዳጅ ትጠጣለች፣ አልዋሽም። የደብረ ብርሃን ብርድ በበሮቿ እንደልቡ ይገባል። ከ3,000 ሜትር በላይ ስንወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቷ ሲሶው ያህል ይቀንሳል፣ አይሱዙ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብኝ ያልፋል። ይለፍ።

ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ ካርቡራተሩን እዩ። መጋጠሚያዎቹን በእጅ ነቅንቁ። ሽቦ ካያችሁ ዋጋ አስቀንሱ። ደላላው "ይሄ ምን ያደርጋል፣ ጎማዋን እያት" ካላችሁ፣ ጎማውንም እዩ፤ ግን መጀመሪያ ዘንጉን።