እንጨት ላይ የተለጠፈች የኦርኪድ ችግኝ እንዳትገዙ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ዳር የምትወጡ፣ ይህቺን አንብቡና አበባ ለሚወድ ሰው አድርሱልኝ። በቁራጭ እንጨት ላይ የተለጠፉ ትንንሽ ኦርኪዶች እየዞሩ ይሸጣሉ። ያምራሉ። እኔ ሦስት ገዝቼ ሦስቱንም ቀብሬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከእህቴ ጋር በሐይቁ ዳር ስንሄድ አንድ ወጣት እንጨቶቹን በገመድ አንጠልጥሎ ቆሟል። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት አራት ቅጠል ያላት፣ ከጣቴ የማትረዝም ችግኝ አለች። «የሆላንድ ኦርኪድ ነው እህቴ» አለኝ። «አፈር የለ፣ ማሰሮ የለ፣ ውሃ ማጠጣት የለ። አየር ብቻ ነው የሚበላው። ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ መርሳት ነው።» አንዷን 1,500 ብር አላት። ተከራክሬ ሦስቱን በ4,000 ወሰድኩ። ያሸነፍኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!

በረንዳዬ ላይ ደርድሬ ሰቀልኳቸው። ሁለት ሳምንት ደህና ነበሩ። ከዚያ ቅጠሎቹ መጨማደድ ጀመሩ። ለገና ሁለቱ አለቁ፣ ለጥምቀት ሦስተኛዋ ተከተለች። ልጁን ፈልጌ አገኘሁትና ነገርኩት። «ውሃ አብዝተሽባቸው ነው» ብሎኝ እርፍ። ውሃ ማጠጣት የለም ያለኝ እሱ ራሱ!

ብሩ ሲያንገበግበኝ ነገሩን ማንበብና ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ለካ ልጁ ግማሹን እውነት ነው የሸጠልኝ። ብዙዎቹ ኦርኪዶች በእርግጥም ዛፍ ላይ ነው የሚኖሩት። እንደ ተቀጽላ የዛፉን ምግብ አይመጥጡም፤ ዛፉ ቤታቸው ብቻ ነው። ሥራቸው እንደ ስፖንጅ ያለ ልባስ አለው። ዝናብ ሲነካው ቶሎ ጠጥቶ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ነጣ ብሎ ይበራል። ሌላው ግማሽ እዚህ ላይ ነው የተደበቀው። ኦርኪድ አየር አይበላም። የሚጠጣው ዝናቡን፣ ጤዛውን፣ በቅርፊቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ ነው።

እስቲ ባሕር ዳርን አስቡ። ዝናባችን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከኅዳር ጀምሮ ሰማዩ ይዘጋል፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ጠብ ቢል ጥቂት ነው። ሐይቁ ቅርብ ነው ብላችሁ አትሸወዱ። ፀሐይ የሚያገኘው በረንዳ ላይ የተሰቀለ ባዶ እንጨት ጠዋት ቢረጥብ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይደርስ ይደርቃል። ትልቅ ተክል በወፍራም ቅጠሉና በረጅም ሥሩ ስንቅ ይዟል፤ ይችለዋል። ችግኝ ግን ስንቅ የላትም። እንጨት ላይ ሆና በጋውን እንድትወጣ በየቀኑ ማለዳ፣ ሙቀቱ ሲብስ ደግሞ ማታም መረጨት አለባት። ይህን የሚችል ካለ ይሞክር። እኔ ቢሮ የምገባ ሰው ነኝ፣ አልችልም።

የሞቱትን ከእንጨቱ ስነቅላቸው ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። የተለጠፉት በሱፐር ግሉ ነው! ሙጫው የሥሩን ግማሽ ሸፍኖታል። የተሸፈነው ሥር ምን ሊጠጣ ይችላል? እንጨቱም ባሕር ዛፍ ነበር። ባሕር ዛፍ ቅርፊቱ እየተላጠ የሚወድቅ ዛፍ መሆኑን እዚህ አገር የማያውቅ የለም። አንዷ ከነቅርፊቷ ነው ወለል ላይ ያገኘኋት።

እዚህ ላይ አንዳንዱ «እንግዲያው ማሰሮ ውስጥ ያለችውን እገዛለሁ» ይላል። ትክክል ነው፣ ግን ቀስ በሉ። እኔም ይህንኑ ብዬ አንድ ችግኝ መሸጫ ሄጄ ነበር። ያወጡልኝ ማሰሮ እስከ አፉ በመረሬ አፈር ተሞልቷል። ዋጋው 900 ብር። ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው ይገድላል። የኦርኪድ ሥር ውሃ የሚፈልገውን ያህል አየር ይፈልጋል። ጥቁር አፈር ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ እናንተ የምታውቁት ቅጠሉ ሲረግፍ ነው። ሳልገዛ ወጣሁ።

ለችግኝ የሚሆነው ትንሽ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ነው፤ ትንሽ የምለው ሥሩን ብቻ የሚይዝ ማለቴ ነው። ማሰሮው ከሰፋ መሃሉ ሳይደርቅ ይቆይና ሥሩ ይበላሻል። ውስጡ የሚገባው የተቆራረጠ የዛፍ ቅርፊትና የታጠበ የከሰል ስብርባሪ ነው። ቅርፊቱ እርጥበቱን ለቀናት ይይዛል፣ በመሃሉ አየር ያልፋል። እኔ የአበባ ማሰሮ እንኳ አልገዛሁም። የሃይላንድ ፕላስቲክ ለሁለት ቆርጬ፣ ምስማር በእሳት አግዬ ታቹንና ጎኑን በሳሳሁት። ፕላስቲኩ ስለሚያሳይ ሥሩ ነጣ ሲል አጠጣለሁ፣ አረንጓዴ ከሆነ እተዋለሁ። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ የላከችልኝ ችግኝ በዚህ ዓይነት ከየካቲት ጀምሮ አለች። ሁለት አዲስ ሥር አውጥታለች። ወጪዬ የከሰሉ ብቻ ነው፣ እሱም ከቡናው ምድጃ የተረፈ ነው።

እንጨት ላይ ማሳደግ በራሱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ጊዜና ዕድሜ አለው። ተክሉ ጠና ካለ፣ የሥሩ ጫፍ አዲስ አረንጓዴ ማውጣት ሲጀምር፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲገባ ቢታሰር ክረምቱን ሙሉ እየጠጣ ይጣበቃል። እንጨቱ ወይራ ወይም ዋንዛ ቢሆን ቅርፊቱ ቶሎ አይለቅም። ማሰሪያው ደግሞ የዓሣ አጥማጆቹ የመረብ ናይለን ይበቃል፤ ሥሩ እንጨቱን ሲይዝ ይፈታል። ልጁ ግን የሸጠልኝ በኅዳር፣ ያውም ጣት የምታህል ችግኝ በሙጫ ለጥፎ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጣና ዳር የቡና ጫካ ባለበት ዘጌ ተወልደው ያደጉ አንድ ጎረቤት አሉን፣ አባባ ነው የምንላቸው። የደረቀችውን ከነእንጨቷ ሲያዩ ሳቁ። «ይቺ ናት የሆላንድ? ይቺማ ከቡናው ጥላ ዛፍ ላይ የተላጠች ናት ልጄ» አሉኝ። ከሥሯ ጋር የሌላ ዛፍ ቅርፊት ተጣብቆ መጥቷል፤ እኔ አላየሁትም። ቅጠሏ ላይ ነፍሳት የበሉት ቦታና የደረቀ የዛፍ ሽበት አለ። በሆላንድ በብዛት የሚመረተው ፋላኖፕሲስ የሚባለው ሰፊ ቅጠል ያለው ነው፤ እሱንም ቢሆን ሆላንዶች የሚያሳድጉት በሚያሳይ የፕላስቲክ ማሰሮ ነው።

አገራችን ከ150 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች አሏት። ዘራቸው እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ ስንቅ የለውም። በዱር ለመብቀል የሚመግበው ፈንገስ ማግኘት አለበት፣ በቅሎም እስኪያብብ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ከአንድ ቅርንጫፍ ላይ የተላጠው በሚቀጥለው ክረምት አይተካም። የጣና ዙሪያ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው እንዲጠበቅ የተለየ ቦታ፣ ተብሎ የተመዘገበ ነው።

ከውጭ ለመጣችሁ ደግሞ ለብቻ ልንገራችሁ። ልጁ «ለማስታወሻ ይዘሽው ሂጂ፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኦርኪዶች በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ያለ ፈቃድ ወረቀት ይዛችሁ ብትገኙ የምትወረሱት አበባውን ብቻ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ።

ስትገዙ እንጨቱን ገልብጡና ሙጫ ካለ ተዉት። ሥሩ ላይ የሌላ ዛፍ ቅርፊት ካለ ተዉት። ችግኝ ጣቢያ ያደጉ ችግኞች መጠናቸው ተቀራራቢ፣ ቅጠላቸው ንጹህ ነው። አንዱ ትልቅ ሌላው ድንክ፣ አንዱ የተቀደደ ከሆነ የት እንደተለቀሙ ግልጽ ነው። ደግሞ ሻጩን «ከየት አመጣኸው?» በሉት። እኔ በመጀመሪያው ቀን አልጠየቅኩም።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነና ቅጠሏ ገና አረንጓዴ ከሆነ፣ እንጨቱን ለሩብ ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ሥሩ ለስልሶ ይላቀቃል። ሙጫው የያዘውን ሥር አትጎትቱ፣ በንጹህ ምላጭ ቁረጡት። ደርቆ ክር የሆነውንም ቁረጡ። ከዚያ ቅርፊትና ከሰል ያለበት ሃይላንድ ውስጥ አስገቡና ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መስኮት አጠገብ አስቀምጧት።

ልጁ አሁንም እዚያው ነው። ትናንት ሳልፍ ዋጋው 2,000 ገብቷል።