አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ላላችሁ ወላጆች፦ በኮሮናው ዓመት ከጎናችን የቆሙትን ላመስግን

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ አሌክሳንድሪያ ዌስት ኤንድ ለምትኖሩ ወላጆች። ትምህርት ሊዘጋ ነው። ሰመር ከገባ ደግሞ ሁላችንም በየጣጣችን ስለምንበታተን፣ ሳይረሳ ላመስግን ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የማመሰግነው የከተማችንን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው። ከሁሉም በላይ ግን ትንሿ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የምትሰራውን፣ አማርኛ ተናጋሪዋን የወላጆች አገናኝ። ስሟን አልጽፍም፣ እሷም እንዳትጽፊ ብላ አስጠንቅቃኛለች። የምታውቋት ታውቋታላችሁ። የማታውቋት ደግሞ በእናንተም ልጆች ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ባይኖር እንኳ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ታስታውሳላችሁ፣ ማርች 13፣ 2020 አርብ ቀን ገዥው ራልፍ ኖርዛም የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ለሁለት ሳምንት ይዘጉ አሉ። ሁላችንም የሁለት ሳምንት ሩዝና ፓስታ ገዝተን ቁጭ አልን። ማርች 23 ላይ ደግሞ እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ተዘግቷል ተባለ። እኛ ሰፈር አብዛኛው ሰው ወይ ኤርፖርት፣ ወይ ሆቴል፣ ወይ ታክሲና ኡበር ላይ ነው የሚሰራው። የቤት ኪራዩ አልቆመም፣ ስራው ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀጥ አለ። በዚህ ላይ ልጆቹ ቤት ናቸው። ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ይበሉ የነበሩ ልጆች ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ይከፍታሉ።

እንግዲህ መጀመሪያ የደረሱልን የካፌቴሪያ ሰራተኞቹ ናቸው። ሁሉም ሰው በር ዘግቶ በተቀመጠበት ሰዓት እነሱ ጭንብልና ጓንት አድርገው ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ምግብ ያድሉ ነበር። ማንም ወረቀት ሙሉ አይልም። ገቢሽ ስንት ነው፣ ከየት ነው የመጣሽው የሚል የለም። የፌዴራሉ ግብርና መስሪያ ቤት ደንቡን ስላላላው ለማንኛውም ልጅ በነጻ ነበር። ወተት፣ ፖም፣ ሲሪያል፣ ሳንድዊች፣ አንዳንዴም የሚሞቅ ነገር። በሁዳዴ ጊዜ ወተቱ ፍሪጃችን ውስጥ ተደርድሮ ሱቅ የከፈትን ነበር የሚመስለው። ሴትየዋ ስጋ የሌለበት ስጪኝ ስላት ምክንያቱን ሳትጠይቅ ሌላ ከረጢት ታነሳልኝ ነበር፣ በኋላማ ከሩቅ ስታየኝ ራሷ ለይታ ትይዝልኛለች።

አሁን ወደ ወላጆች አገናኟ ልምጣ።

አሌክሳንድሪያ ትንሽ ከተማ ናት፣ የተማሪው ቁጥር ግን ወደ 16,000 ይጠጋል። ከ100 በላይ አገር የመጡ ልጆች አሉ፣ ከስፓኒሽ ቀጥሎ ብዙ ቤተሰብ ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ትምህርት በአንድ ጊዜ ዙምና ካንቫስ በሚባሉ የኢንተርኔት መድረኮች ላይ ሲወጣ ስንት እናትና አባት፣ ስንት አያት ግራ እንደሚጋባ። ክሮምቡክ የሚባለው ላፕቶፕ ታደለ፣ ኢንተርኔት ለሌለው ሆትስፖት ነበረ፣ የኢንተርኔት ድርጅቱ ኮምካስትም አዲስ ለሚመዘገቡ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በነጻ ሰጥቶ ነበር። ግን ይሄን ሁሉ መረጃ በእንግሊዝኛ ኢሜይል ብትልክልን ማን ያነበዋል? እውነቱን እንነጋገር፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ኢሜይል ብዙዎቻችን አንከፍተውም።

እሷ ታዲያ ስልክ ነው የምትደውለው። በየቤቱ። ጠዋት አልነሳ ካልናት ማታ ትደውላለች፣ ማታ ካልተሳካ በድምፅ መልእክት ቫይበር ላይ ትልካለች። ጎረቤቴ እማማ የልጅ ልጃቸውን እየጠበቁ ነው የሚውሉት፣ እናቱ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ስለምትሰራ አንድም ቀን ስራ አልቀረችም። እማማ ደግሞ ከስልክ ሌላ ነገር ነክተው አያውቁም። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሆኜ በስፒከር ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። «እማማ፣ ነጭ ካሜራ የተሳለበት ሰማያዊ ምልክት ይታይዎታል?» «ሰማያዊስ ብዙ ነው ልጄ።» «እሺ፣ ካሜራ ያለበትን ብቻ ይፈልጉልኝ፣ አልቸኩልም።» ቆይተው አገኙት። «ጎሽ! አሁን ደግሞ ከታች ማይክ አለች፣ ቀይ መስመር ተሰርዞባታል አይደል? እሷን ጫን ያድርጓት።» ከዚያ ወዲያው የመምህሯ ድምፅ በእንግሊዝኛ ተንጫጫ፣ ልጁም «ሃይ!» ብሎ ጮኸ፣ እማማ እልል አሉ። እውነቴን ነው፣ ኪንደርጋርተን ክፍሉ በሙሉ እልልታ ሰማ። ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ራሳቸው ሊንክ ይከፍታሉ፣ እንዲያውም የሌላውን ቤት ልጅ ማገዝ ጀምረው ነበር።

የፒ-ኢቢቲው ነገር ደግሞ አለ። ትምህርት ቤት በነጻ ወይም በቅናሽ ይበሉ ለነበሩ ልጆች መንግስት ለምግብ መግዣ ገንዘብ የጫነበት ካርድ በፖስታ ይልክ ነበር። ፖስታው ምንም አያስታውቅም፣ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ነው። ከኛ ፎቅ ቢያንስ አንድ ቤተሰብ ሊጥለው ሲል ነው የደረሰችበት። ከዚያም የባሰው ፍርሃቱ ነበር። «ይሄን ከተጠቀምን ነገ ግሪን ካርዳችን ላይ ይመጣብናል» የሚል ወሬ ሰፈሩን ሞልቶት ነበር፣ በሰዓቱ ደግሞ ስለ «ፐብሊክ ቻርጅ»፣ ማለትም የመንግስት ጥገኛ ይሆናል የተባለ ሰው ግሪን ካርድ ስለሚከለከልበት ደንብ፣ የሚወራው ብዙ ስለሆነ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። እሷ እኔ እንደሚመስለኝ ብላ አልመለሰችም። ጠይቃ፣ አጣርታ ነው የመጣችው። የትምህርት ቤት ምግብም ሆነ ይሄ ካርድ ለዚያ ጉዳይ አይቆጠርም ብላ እየደወለች አረጋጋችን። ወሬ የሚያወራ ሞልቷል፣ አጣርቶ የሚነግርህ ነው የጠፋው።

መምህራኖቹንም ሳላነሳ አላልፍም። ልጄ ኪንደርጋርተን የጀመረችው ሴፕቴምበር 8፣ 2020 ነው፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ቦርሳዋን አንግታ። ከቤት ሳትወጣ ቦርሳ! አውልቂው ብላት እምቢ አለች። ኪንደርጋርተንን በስክሪን ማስተማር ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ከጎኗ ቁጭ ብዬ ነው። መምህሯ አፏን ካሜራው ላይ አስጠግታ ምላስ በጥርስ መሃል እንዴት እንደሚወጣ ታሳያለች፣ ሀያ ልጅ ምላሱን አውጥቶ ይተፋል፣ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ድመቱን ያመጣል፣ አንዱ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ እሷ ግን ሁሉንም በየስማቸው እየጠራች፣ የልጄን ስም እንኳ በትክክል «ጸ»ውን ጨምራ እየጠራች ትቀጥላለች። ይሄው ልጄ ዛሬ በእንግሊዝኛ ታነባለች። አማርኛው የኔ ዕዳ ነው።

ለሁሉም ልጅ ሰርቷል ማለቴ አይደለም። ካሜራውን አጥፍቶ ሲተኛ የከረመ ጎረምሳ በየቤቱ አለ፣ እኛም ቤት አለ። ከምሽት ስራ የሚመጣ ወላጅ ጠዋት ልጁን ከአልጋ አውርዶ ስክሪን ፊት ማስቀመጥ ቀላል አልነበረም። ለዚህ ነው ማርች 2021 ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል መግባት ሲጀመር ብዙዎቻችን እፎይ ያልነው። ያኔም ቅጹ በእንግሊዝኛ መጣ፣ ይመለሳል ወይስ ቤት ይቆያል የሚል። አገናኟ እንደገና ስልኳን አነሳች። ይሄን ምረጡ ብላ አላስገደደችም፣ የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት አስረድታ ውሳኔውን ለኛ ተወችው። አያት አብሮ የሚኖርባቸው ቤቶች ቤት ይቆይልን አሉ፣ እኔ ላክሁ።

ትልቁ ልጄ ሃይስኩል ነው። የሃይስኩሎቹ ነገር ሌላ ታሪክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ኮርቻለሁ። ትምህርት ቤታቸው ቲ.ሲ. ዊልያምስ ነበር የሚባለው። ሰውየው እስከ 1963 ድረስ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ኃላፊ የነበረ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዳይማሩ የታገለ ሰው ነው። በ1958 ብሎይስ ሃንድሊ የምትባል የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ፣ ልጆቿ ከነጮች ጋር ይማሩ ብላ ክስ ውስጥ ስለገባች ከስራ አባሯታል። አስቡት፣ በኮሮናው ጊዜ ልጆቻችንን ያበሉት እኮ የእሷ የስራ ባልደረቦች ናቸው። ስሙ ይቀየር የሚለው ጥያቄ የቆየ ቢሆንም በ2020 ተማሪዎቹ አጥብቀው ያዙት፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ ስብሰባ ላይ ተናገሩ፣ ኖቬምበር 23፣ 2020 ላይ ቦርዱ ስሙ እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ከጁላይ 1፣ 2021 ጀምሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ይባላል። ማቲው ሞሪ የሚባለው አንደኛ ደረጃም በዚያው ተቀይሮ፣ እዚሁ ከተማ ተምራ እዚሁ ባስተማረች ጥቁር መምህርት በናኦሚ ብሩክስ ስም ተሰይሟል። ልጄ ይሄን ሁሉ ሲያወራኝ ካሜራውን አጥፍቶ የሚተኛው ያው ልጅ መሆኑን ተጠራጠርኩ።

አሁን ወደ ጥቆማው። እባካችሁ ይሄን ለማያውቁ አስተላልፉ።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ህግ ጀምሮ ያለ መብት ነው፣ የፍትህና የትምህርት መስሪያ ቤቶቹም ጃንዋሪ 2015 ላይ ለትምህርት ቤቶች በግልጽ ጽፈውት ነበር (ያ ደብዳቤ በ2025 ተሽሯል፣ ህጉ ግን አለ)፦ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መረጃ ማግኘት አለበት፣ በነጻ፣ ብቃት ባለው ሰው፤ ትምህርት ቤቱ ተማሪውን፣ ወንድም እህቱን ወይም ጓደኛውን አስተርጉም ብሎ መጠቀም የለበትም። ስለዚህ ልጃችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተርጉም አትበሉት። እኛ ሰፈር «ኤፍ ማለት ፋይን ነው» ብሎ እናቱን ያስጨበጨበ ልጅ አለ። ደግሞም «እንግሊዝኛ እችላለሁ» የምትሉም ብትሆኑ፣ ስለ ልጃችሁ ልዩ ድጋፍ፣ አይኢፒ ስለሚሉት ስብሰባ ከሆነ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ገበያ የሚያወጣ እንግሊዝኛ ሌላ ነው፣ እዚያ ስብሰባ ላይ የሚነገረው ሌላ ነው። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አንድ ወዳጄ በሌላ አካባቢ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ያልገባትን ፈርማ ሲያስለፋት ከርሟል።

ልጅ ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ ምን ቋንቋ ትናገራላችሁ የሚል ቅጽ አለ። አማርኛ በሉ። አንዳንድ ሰው ልጄን ወደ ኋላ ያስቀሩብኛል ብሎ እንግሊዝኛ ብሎ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ አማርኛ ወረቀት አልመጣልኝም ብሎ ያማርራል። ሃይስኩል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ካውንስለሩን ስለ «ሲል ኦፍ ባይሊተራሲ» ጠይቁ፦ ቨርጂኒያ ሁለት ቋንቋ ለሚችሉ ተመራቂዎች ዲፕሎማቸው ላይ የምትሰጠው ማህተም ነው። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ለሚችል ልጅ በየት በኩል ፈተና መውሰድ እንደሚቻል እነሱ ይንገሯችሁ። በዚህ ሰመር ልጆቹን ፊደል የምናስቆጥርበት ምክንያት ካስፈለገን ይሄው።

ሌላ፣ ክትባት። ከጁላይ 1፣ 2021 ጀምሮ 7ኛ እና 12ኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች በቨርጂኒያ የማጅራት ገትር ክትባት ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል። ኦገስት ላይ ክሊኒክ ከመሰለፍ አሁን ቀጠሮ ያዙ። የኮሮናውም ሜይ 2021 ላይ ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ተፈቅዶ ነበር፣ የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ የሰፈር ወሬ ሳይሆን ሃኪም ጠይቁ።

የአገናኟን ስልክ በኢንቦክስ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አልሰጥም፣ አትቀየሙኝ። የግል ስልኳ በእኛ ጥያቄ ተጨናንቆ እሁድ ቅዳሴ ላይ እንኳ ሲጠራ አይቻለሁ። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ኦፊስ ግቡ ወይም ደውሉ፣ «አማርኛ» በሉ፣ ያገናኟችኋል። ሰው እስኪገኝ ቆይ ካሏችሁ ቆዩ። ስታገኟት ደግሞ አመስግኗት፣ ከተቻለም በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ለርዕሰ መምህሯ ላኩ። እኔ ልኬያለሁ፣ ትልቁ ልጄ አርሞልኝ።