የእድራችንን ሴቶች ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ላበቃችው ሲስተር ምስጋና፣ ለሌሎች እድሮችም ጥቆማ

ጅማ ከተማ ሂርማታ አካባቢ ያለን የሴቶች እድር አባላት አንዲት ነርስ ማመስገን እንፈልጋለን። ስሜን እንዳትጽፉ ስላለች አልጽፈውም። እኛ ሰፈር "ሲስተር" ከተባለ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

ከእሷ በፊትም ስለ ካንሰር ሊያስተምሩን የመጡ ነበሩ። አዳራሽ ተከራዩ፣ ቲሸርት አደሉ፣ አበል ከፈሉ፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ። ከዚያ ስብሰባ ተነስታ ለምርመራ የሄደች ሴት እኔ አላየሁም። ስለዚህ ሲስተር ስትመጣም ሰብሳቢያችን ገና ከጅምሩ "ባነር እናሠራ" አሉ። እሷ እቴ! "እማማ፣ ለባነር የሚያወጡትን ለባጃጅ ያውጡት" አለቻቸው።

ቀጥላ ያደረገችው መጠየቅ ነው። ምንድን ነው የሚያስቀራችሁ? አንዷ ሐሙስ ገበያ ነው አለች። ሌላዋ ልጄን ማን ይይዝልኛል አለች። ያማል ይባላል፣ ወንድ ሐኪም ቢሆንስ፣ ቢገኝብኝስ። ሁሉንም ጻፈችው። በሌላ ቦታ ተሞክሮ ሴቶችን በእርግጥ ወደ ምርመራ ያመጣው ነገር ተራ ነገር ነው አለችን፦ ቀጠሮ መያዝ፣ በዋዜማው አንድ በአንድ ደውሎ ማስታወስ፣ መንገዱን ማቅለል፣ የተመረመረች ሴት ላልተመረመረችው እንድትነግር ማድረግ። ይሄንንማ እድር ድሮም ያውቅበታል። ለቀብር እንዲህ የምንጠራራ ሰዎች ለጤናችን ማን ከለከለን?

ፍርሃቱን የሰበረችው ቡና ላይ ነው። ስፔኩለም የሚሉትን፣ የማህፀን በርን ለማየት የሚያገለግለውን መሣሪያ ከቦርሳዋ አውጥታ ከእጅ ወደ እጅ አዞረችው። ነካነው፣ ከፍተን ዘጋነው። ከዚያ አሠራሩን ነገረችን። የማህፀን በር ላይ ቀጠን ያለ አሴቲክ አሲድ ይቀባና አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጣ ብሎ ይታያል። "ሰላጣ ላይ የምታደርጉት አቼቶ ማለት ነው" ስትል አንዲት ትልቅ ሴት "ለአቼቶ ነው እንዴ እንዲህ ስንፈራ የከረምነው!" አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ።

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ ነው የሚያመጣው። ደግነቱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት ሴት ላይ ግን ይፈጥናል፣ ስለዚህ እሷ ቀደም ብላ ትጀምራለች። ለሌሎቻችን ምርመራው ከ30 እስከ 49 ዓመት ነው።

እኔ በጣም የወደድኩላት ግን ሌላ ነው። ምኑን እንደፈለግን መቀየር እንደምንችል፣ ምኑን እንደማንነካ ለይታ ነገረችን። ቋንቋው አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይሁን፣ ቦታው ቤተክርስቲያን ግቢም መስጊድ አጠገብም ይሁን፣ ቀኑን እናንተ ምረጡ አለች። ዕድሜው አይነካም። የተለወጠ ቦታ የተገኘባት ሴት ከተቻለ በዚያው ቀን መታከሟ አይቀርም፣ ከበድ ያለው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይላካል፣ የታከመችው በዓመቱ ትመለሳለች። አንዷ "ምርመራውን ብቻ እናድርግ፣ ሌላው ይደርሳል" ስትል ሲስተር ፊቷ ተቀየረ። ሕክምና የሌለው ምርመራ ሰው ማስደንገጥ ብቻ ነው አለች።

መዝገቡም የእሷ ሐሳብ ነው። በወርሃዊ መዋጮው ደብተር ጎን የቀጠሮ መስመር አሰመረችልን። ቀጠሮ እንጂ ውጤት አይጻፍም! ውጤት የሴቲቱና የጤና ጣቢያው ነው። እድር ውስጥ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ልጆቹም አልዘነጋችም። የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር በብዛት የተሰጠው በትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት የማትሄደውስ? ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋስ? በየትኛው ግቢ ማን እንዳለች ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝርዝሩን ራሳችን ይዘን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ሰጠን።

እውነቱን ለመናገር ሲስተር ጥብቅ ናት። ከሰዓት ዝንፍ አትልም፣ ከረፈደባችሁ ትቆጣለች። አሁን ስብሰባችን ላይ እምብዛም አትመጣም፤ ስልኩን የምንደውለው፣ ቀጠሮውን የምንይዘው እኛው ነን። ገና ስትጀምርም ሐሳቧ ይኸው ነበር።

እድር፣ ማኅበር፣ ጀመዓ ወይም እቁብ ያላችሁ የጅማ ሴቶች፣ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ምርመራ ክፍል ገብታችሁ "ለማኅበራችን አሠራሩን የሚያሳየን ሰው እንፈልጋለን" በሉ። የእኛዋ ባትደርስላችሁ እሷ ያሠለጠነቻቸው አሉ። ስትሄዱ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዷ ደብተር የምትይዝ፣ ሌላዋ ሰው የሚሰማት ትሁን።