ከአዲስ አበባ እስከ ሐይቅ፦ የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና አገልግሎት በአንድ የወሎ ቤተሰብ ዓይን

አክስቴ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ የተጠጋ ሴት ናቸው። በወሎ ደጋ እንቅርት ብርቅ ስላልሆነ የአንገታቸውን እብጠት ለዓመታት ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። ልባቸው ቁጭ ባሉበት መምታት፣ ሲኒ የያዘው እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ደሴ ወስደን አስመረመርናቸው፤ የአንገታቸው (የታይሮይድ) ዕጢ ከመጠን ያለፈ ሆርሞን እንደሚያመነጭ ታወቀ። ክኒኑ ስላልያዘላቸው በራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ማለትም ጨረራ በሚያወጣ አዮዲን፣ እንዲታከሙ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የኒውክሌር ሕክምና ክፍል ሪፈር ተጻፈላቸው። የምገመግመው ይህንን አገልግሎት ነው። ቅሬታዬ ከአንድ ተቋም ይልቅ የደኅንነት ቁጥጥሩ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚመለከት በመሆኑ ክፍሉን በስም አልጠራውም።

ቀጠሮው ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ሁለተኛውን የሰማነው አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ነው። አንድ ስልክ ቢደወልልን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ባልተጓዝን ነበርና ለዚህ ነጥብ እቀንሳለሁ። ለመዘግየቱ ግን አልቀንስም። ለሕክምናው የሚውለው አዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜው (ጨረራው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 8 ቀን ብቻ ስለሆነ እንደ ሌላ መድኃኒት ገዝተው መደርደሪያ ላይ የሚያቆዩት ነገር አይደለም፤ ከውጭ አገር ተመርቶ በአውሮፕላን እስኪመጣ ድረስ እንኳ እየተመናመነ ነው። እንዲህ ያሉ ጨረራ አውጪ የሕክምና ንጥረ ነገሮች (አይሶቶፖች) በብዛት የሚመረቱት በጣት በሚቆጠሩ የኒውክሌር ምርምር ማብላያዎች ስለሆነ አንዱ ሲቆም ወረፋው እስከ በሽተኛው ይደርሳል። በደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚሠራው ሳፋሪ-1 ማብላያ ጋር የተያያዘው ማምረቻ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የደኅንነት አሠራር ጉድለት ታይቶበት ለወራት ሲቆም ለሕክምና ምርመራ የሚያገለግለው የሞሊብዲነም-99 እጥረት በብዙ አገር ተሰምቷል።

የኒውክሌር ደኅንነት ተቆጣጣሪው ጠብቆ ይያዝ ወይስ ላላ ያድርግ የሚለው ጭቅጭቅ ከሁሉ ይበልጥ የታየው በካናዳ ነው። በቾክ ሪቨር የነበረው ኤንአርዩ የተባለው ማብላያ በኅዳር 2007 እ.ኤ.አ. ለጥገና በቆመበት ጊዜ ሁለት የማቀዝቀዣ ፓምፖች ከመጠባበቂያው ኃይል ጋር አለመገናኘታቸው ታወቀ፤ ተቆጣጣሪው ኮሚሽንም ይህ ሳይሟላ ሥራ አይጀመርም አለ። ሆስፒታሎች መድኃኒት ሲያጡ ፓርላማው በጥድፊያ ልዩ ሕግ አውጥቶ ማብላያውን አስነሣው፤ የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ሊንዳ ኪንም በጥር 2008 ከቦታቸው ተነሡ። በ2009 ደግሞ ያው ማብላያ፣ ከፓምፖቹ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት፣ «ከባድ ውሃ» የሚባለውን በማብላያው ውስጥ የሚሠራ ልዩ ውሃ ማፍሰስ ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ቆሟል። እኔ በበኩሌ ከቸኮለ ፓርላማ የዘገየ ቀጠሮ ይሻለኛል። አዮዲኑ ራሱ ሲያመልጥ ምን እንደሚመስል ቤልጂየሞች ያውቁታል፤ በነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ. ፍለሩስ ከሚገኝ ማምረቻ በጭስ ማውጫው ሲወጣ በአቅራቢያው ያለው ሕዝብ ከጓሮው አትክልት እንዳይበላ ተነግሮታል፤ በዓለም አቀፉ የኒውክሌር ክስተቶች መለኪያም ደረጃ 3 ተሰጥቶታል።

በመጨረሻ ስንገባ ክፍሉ ውስጥ ያየሁት ሥራ የሚያስመሰግን ነው። ባለሙያው ደረቱ ላይ የጨረራ መለኪያ ባጁን አድርጓል፤ መድኃኒቱ የመጣው በወፍራም የእርሳስ ዕቃ ተከድኖ ነው፤ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ጠይቆ ከወረቀቱ ጋር አስተያየ። መጠኑ በጨረራ መለኪያ 15 ሚሊኩሪ ነበር። እንክብሉ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ አክስቴ ውጠው ውሃውን ከጨረሱ በኋላ፦ «ይቺን ለመዋጥ ነው እንዴ ይህን ሁሉ አገር ያቋረጥነው?» አሉ። ባለሙያው ስቆ አንድ ሜትር ራቅ አለና በመለኪያው ለካቸው፤ ቁጥሩን መዝገብ ላይ አሰፈረ፤ መሄድ እንደሚችሉም ነገረን።

ችግሩ የጀመረው ከበሩ ውጭ ነው፤ አዮዲኑን የዋጠ ሰው ለጥቂት ቀን ራሱ ጨረራ ያወጣልና። የተሰጠን የጥንቃቄ ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን የቃሉ ማብራሪያ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ለብቻ መተኛት፣ ከነፍሰ ጡርና ከሕፃናት መራቅ፣ ዕቃን ለይቶ መጠቀም፣ ብዙ ውሃ መጠጣት፤ ሁሉም ትክክል ነው። ነገር ግን በምን እንደምንሄድ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኛ የምንሄደው ቀኑን ሙሉ በሚፈጅ አውቶቡስ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ነው። እኔ ወረቀቱን ማንበብ ስለቻልኩ ሦስት ቲኬት ቆረጥኩ፤ ከአክስቴ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ እንዲሆን ነው። ረዳቱ ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ሊያስቀምጥበት ሲል ቲኬቱን አሳየሁት፤ «ለጂኒ ነው የገዛችሁት?» አለኝ። ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ አንዲት እናት ዕቃዋን እስክታስተካክል ጨቅላ ልጇን እንደ አገሩ ልማድ ወደ አክስቴ ዘረጋች። እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ እኔ ቀድሜ ተቀበልኩ። አንባቢ ያልያዙ ታካሚ ቢሆኑ ኖሮ ያ ሕፃን እስከ ከሚሴ በእቅፋቸው ይሄድ ነበር።

ሐይቅ ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሊጠይቅ መጣ። በወሎ ቤት በሽተኛ ተስሞ፣ «አብሽሪ» ተብሎ፣ ዱዓ ተደርጎለት ነው የሚጠየቀው፤ «አትሳሙኝ» ማለት ከበሽታው ይከብዳል። ቡናውን ደጅ አስፈላን፤ አክስቴ የራሳቸውን ሲኒ ይዘው ከበረንዳው ጥግ ተቀመጡ፤ አቦሉም በረካውም ከዚያው ተጠጣ። ይህስ በዘዴ አለፈ። ወረቀቱ ግን «መጸዳጃውን ከተጠቀሙ በኋላ ውሃ ሁለት ጊዜ ይልቀቁ» ይላል፤ የአክስቴ ሽንት ቤት የጉድጓድ ነው። አዮዲኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በአብዛኛው የሚወጣው በሽንት በመሆኑ ይህ ጥቃቅን ነገር አይደለም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ፤ ያነሣው የጨረራ ባለሙያ በትሕትናና በዝርዝር አስረዳኝ፤ ጉድጓዱ ከውሃ ምንጭ መራቁን ጠየቀ፤ ውሃ በጆግ እያፈሰሱ እጃቸውን በሳሙና በደንብ እንዲታጠቡ መከረ። ለዚህ ሰው ሙሉ ነጥብ።

በአገራችን ጨረራን የሚመለከተው የመጀመሪያው አዋጅ በ1986 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አሁን የሚሠራው ቁጥር 1025/2009 የሆነው የጨረራና ኒውክሌር መከላከያ አዋጅ ነው፤ ቁጥጥሩም ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን እጅ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ለሕዝብ ያስቀመጠው ገደብ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረራ መለኪያ) ሲሆን የጨረራ ሠራተኛው በአማካይ 20 ነው። ሠራተኛው ባጅ አለው፤ ክፍሉ መዝገብ አለው፤ የአውቶቡሱ ጎረቤት ምንም የለውም። ስለዚህ ፈታሽ ሲመጣ የእርሳሱን ውፍረት እንደሚለካ ሁሉ ያንን ወረቀት አንስቶ አንድ የገጠር ታካሚ ሊፈጽመው ይችል እንደሆነ ቢጠይቅ ሥራው ሙሉ ይሆን ነበር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ደሴ ባስደረግነው የደም ምርመራ ሆርሞኑ ወርዷል፤ የእጃቸው መንቀጥቀጥም ቆሟል። ሕክምናውን ለሚጠይቀኝ የወሎ ሰው ሂድ ነው የምለው፤ ከመነሣትህ በፊት ደውል፣ ለመመለሻህም አንድ ትርፍ ቲኬት ቁረጥ። ለክትትል ስንመለስ ወረቀቱ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ አገኘሁትና ደስ አለኝ፤ አራተኛው መስመር ግን አሁንም «ውሃ ሁለት ጊዜ ይልቀቁ» ይላል።