የጤና ጣቢያችን የስኳር ህመም ቴሌግራም ቻናል፦ ታማሚ ተጠይቆ የተሰራ ነገር ልዩነቱ ያስታውቃል

ሰላም የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ሰዎች። ቤታችሁ የስኳር ታማሚ ካለ ይሄን አንብቡልኝ። እናቴ ክትትል የምታደርግበት ጤና ጣቢያ ለስኳር ታማሚዎች የቴሌግራም ቻናል ከፍቷል፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን እዚህ አልጠራም፣ እዛ የምትከታተሉ ግን ታውቁታላችሁ። ከተከፈተ ጀምሮ እየተጠቀምንበት ነው፣ እና ከልቤ ነው የምላችሁ ስልክ ላይ ከምናየው የጤና መረጃ ሁሉ እማዬ ሰምታ በተግባር ያዋለችው ይሄን ብቻ ነው። ምክንያቱም ከመለጠፉ በፊት ታማሚዎቹንና አስታማሚዎቹን ቁጭ ብለው ጠይቀዋቸዋል።

ጠየቁ ስል ፎርም አስሞልተው ሸኙ ማለቴ አይደለም። ሲስተሯ በክትትል ቀን የተወሰነ ሰው አስቀርታ ያዘጋጁትን ጽሁፍ እያነበበች የቱ ጋ ግር እንደሚል አስነገረቻቸው። ከዛ ስልኩን ለእማዬ ሰጥተው "እማማ፣ ስኳርዎ ወርዶ ቢንቀጠቀጡ ምን እንደሚያደርጉ እዚህ ውስጥ ይፈልጉልን" አሏትና ሳያግዟት ዝም ብለው አዩ። ወደ ታች ብትወርድ ብትወርድ አጣችው፣ ከላይ ስኳር ህመም ምንድነው የሚል ረጅም ጽሁፍ ነበር የተደረደረው። አሁን ቻናሉን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታገኙት እሱን ነው፣ ፒን ተደርጓል። ላብ ላብ ካለዎት፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ድንገት ከራበዎት ወይ መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ፣ ካልተሻለ ይድገሙት፣ ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይስጡ ወደ ህክምና ያድርሱት ይላል። በጽሁፍም በቮይስም አለ፣ ቮይሱ ማንበብ ለማይችሉት ብቻ ሳይሆን መነጽራቸውን ለማያገኙትም ነው።

ሰዓቱን ደግሞ እዩ። መጀመሪያ ላይ ኢንሱሊን ጠዋት 8:00 ይወጉ የሚል ነበር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ለኛ እናቶች 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው! አሁን ጠዋት 2 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፣ ቁርስ ካልቀረበ እንዳይወጉም ተጨምሮበታል። የቀጠሮ ቀንም በኛ አቆጣጠር ሆኗል። ጤና ላይ የሚሰሩ ሁሉ ይሄን አንዱን ብቻ ቢያስተካክሉ እንኳን ስንት ሰው ይተርፋል።

ብዙ ክርክር የነበረው ምግብ ላይ ነው። የመጣው ምስል ከኢንተርኔት የተወሰደ ነጭ ሳህን ነበር፣ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ሥጋ ወይ ጥራጥሬ፣ ሩቡ ዳቦ ወይ ሩዝ። አከፋፈሉ ትክክል ነው ብዙ ሀገር የሚመከር ነው፣ ግን አንድ ጋሼ "እኛ ቤት ለስድስት ሰው አንድ ትሪ ነው የሚቀርበው፣ የኔ ሩብ የቱ ጋ ነው?" አሉ። ልክ ናቸው፣ እንጀራው ከስር ተነጥፎ ወጡ ከላይ ነው ያለው፣ ማን ምን ያህል እንደበላ በምን ይታወቃል? ስለዚህ አሁን የሚለው ሲስተሯ ለእርስዎ የነገረችዎትን መጠን እንጀራ መጀመሪያውኑ ጠቅልለው ለብቻ ያስቀምጡ፣ ከትሪው ላይ ጎመንና ሰላጣው ይብዛ፣ ድርሻዎ ካለቀ አይጨመርም ነው። ጉርሻን እንዴት እምቢ እላለሁ ያሉም ነበሩ፣ ለእነሱ ተብሎ ለቤተሰብ ፎርዋርድ የሚደረግ አጭር ቮይስ ተሰራ፣ እኔ ለአክስቶቼ በሙሉ ልኬዋለሁ፣ ካሁን በኋላ እማዬን በግድ የሚያጎርሳት የለም።

ጾም ላይ ያለው ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ድሮ የነበረው "የስኳር ታማሚ መጾም የለበትም" የሚል አንድ መስመር ነበር፣ ሲነበብ ሁሉም ዝም አሉ፣ ከዛ አንዲት እናት እኔ ሁዳዴን 55ቱንም ቀን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ለናንተ ግን አልነግራችሁም ብለው ፊት ለፊት ተናገሩ። አስቡት፣ ኢንሱሊኑን ተወግተው ምግብ ሳይቀምሱ እስከ 9 ሰዓት! እንደዚህ ያለውን ማንም ሐኪም ቢሮ ቁጭ ብሎ አያገኘውም፣ ሰው የሚናገረው የሚሰማው እንዳለ ሲያውቅ ነው። አሁን የተለጠፈው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ንገሩን፣ መጠኑና ሰዓቱ የሚስተካከል ከሆነ እናያለን፣ ሐኪሙ ያለዎትን ይዘው የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፣ ስኳርዎ ከወረደ ግን ሰዓት ሳይጠብቁ ይፍቱ ይላል። ለሮመዳንም ሰሁርና ኢፍጣርን ይዞ ለብቻው ተዘጋጅቷል።

ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ የሚለውም ተስተካክሏል። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ፍሪዘር ግን ያበላሸዋል። መብራት ለሚጠፋበትና ፍሪጅ ለሌለው ውጪው በውሃ በሚርስ የሸክላ ዕቃ፣ ጠርሙሱን ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ አድርጎ ማስቀመጥ እንደሚቻል በፎቶ አሳይተዋል፣ ፎቶውን የላኩት ራሳቸው ታማሚዎቹ ናቸው።

ይሄ አሰራር እኮ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጠሩት ጉባኤ የወጣው የአልማ አታ መግለጫ ሕዝቡ የጤና አገልግሎቱን በማቀድም በመተግበርም የመሳተፍ መብትና ግዴታ አለበት ብሏል። እንግሊዝ ውስጥም አን ማክፈርሰንና አንድሩ ሄርክስሃይመር የሚባሉ ሐኪሞች ራሳቸው ታመው ስላዩት፣ አንዷ የጡት ካንሰር ሌላኛው የጉልበት ኦፕሬሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የታማሚዎችን የራሳቸውን ታሪክ ሰው የሚያይበት ድረ ገጽ ከፍተዋል። ሐኪም ሆነውም እንኳን ያለፈበትን ሰው መስማት አስፈልጓቸዋል።

አሁን ቅሬታዬ። አፋን ኦሮሞው ከአማርኛው ተተርጉሞ የመጣ ነው፣ እዚህ አካባቢ ግን ብዙ ኦሮምኛ ተናጋሪ አለ፣ ለምን እነሱም ከመጀመሪያው በቋንቋቸው አልተጠየቁም? ጎረቤታችን ቮይሱን ሰምተው የሬዲዮ ዜና ይመስላል ብለው ዘጉት። ሌላው የተጠየቀው ክትትል የሚመጣው ሰው ነው። ያቋረጠው፣ ታክሲ የሚከፍለው ያጣው፣ ሳይት ላይ በቀን ሥራ የሚውለው ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ላይ አይገኝም፣ መረጃው ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው። እሁድ ከሰዓት አድርጉት፣ የትራንስፖርትም ክፈሉ፣ እናቶቻችን ያመጡት ሀሳብ ሥራ ነው በነጻ ብቻ መወሰድ የለበትም። ፖስቶቹ ላይ መቼ እንደተስተካከሉ ቀን ይጻፍበት፣ ኮሜንት ላይ ስኳርን ነቅሎ የሚያጠፋ ቅጠል አለን እያሉ የሚሸጡትንም ቶሎ አጥፉልን፣ ሰው ኢንሱሊኑን ትቶ ይሞታል። ቪድዮዎቹም ከባድ ናቸው ዳታ ይበላሉ፣ ቮይሱ ይበቃል።

ከ5 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዱን የያዝኩት ለኦሮምኛውና ላልተጠየቁት ነው። መግባት የምትፈልጉ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ የተለጠፈውን ስካን አድርጉ፣ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ካለ የልጁን ወይ የጎረቤቱን ስልክ ያስመዝግብ፣ ሲስተሯ ትቀበላለች። ቀጣዩ ውይይት ስለ እግር ቁስል ነው፣ እግሩ የቆሰለበት ዘመድ ያላችሁ ይዛችሁት ኑ።