የትል አካሄድ፦ በዓይን መቁጠር ወይስ በካሜራ መከታተል?

ደሴ ላይ ባዮሎጂ የሚማር ሰው ሲ ኤሌጋንስ የተባለችውን ትል እንቅስቃሴ ማጥናት ቢፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ፈሳሽ ጠብታ ውስጥ ከትቶ በ30 ሰከንድ ስንቴ እንደተጣጠፈች በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። ርካሽ ነው። የቀን ብርሃንን በመስታወት የሚያንጸባርቅ ማይክሮስኮፕ ከሆነ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ግን ዓይን ይደክማል።

ካሜራና ሶፍትዌር ደግሞ አቋሟን ራሱን ይይዛሉ። ፕሮግራሙ 1 ሚሊ ሜትር በምታህለው ትል ላይ ከራስ እስከ ጭራ መሃል ለመሃል መስመር ያሰምርና የመስመሩን መታጠፍ ይለካል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አራት መሠረታዊ ቅርጾች ብቻ የአቋሟን ለውጥ 95 በመቶ ያህል እንደሚገልጹ አሳይቷል። በጣም ይገርማል! ትሏ ስትጠቀለል ግን ራስና ጭራ ይምታታሉ።

ለልምምድ ቆጠራው ይበቃል። ለመመረቂያ ጥናት ግን ካሜራውን እመርጣለሁ፤ ኮምቦልቻ ካሉ የሶፍትዌር ተማሪዎች ጋር ቢሠራ ደግሞ የበለጠ ያምራል።